የኃይል ሰጪ መጠጥ ጣሳ ከመክፈትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአጎቴ ልጅ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንድ ጊዜ አብሬው ስጓዝ አዋሽ ላይ እራት ልንበላ ቆምን። ስንነሳ ከሱቅ ሁለት ጣሳ ኃይል ሰጪ መጠጥ ገዛ። አንዱን እዚያው ቆሞ ጨለጠው፤ ሁለተኛውን ከማርሹ አጠገብ ሰክቶ «እስከ ሚሌ የሚበቃ ነዳጅ ሞላሁ» አለኝ። ያኔ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። በዚህ መጠጥ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ «ነዳጅ» ከምትለው ቃል እንደሚወለዱ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ንቃትን ከኃይል ጋር ማምታታት

ሰውነት ኃይል የሚያገኘው ከምግብ ነው። ጣሳው ውስጥ በዚህ ትርጉም ኃይል ሊባል የሚችለው ስኳሩ ነው፤ ስኳር ደግሞ በአብዛኛው ለስላሳ ውስጥ አለ። የሚያነቃን ካፌይኑ ነው። ነቅተን በቆየን መጠን አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ መቀበያው ላይ ሲያርፍ ዓይናችን መክበድ ይጀምራል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ታክሲ ውስጥ ቀድሞ እንደገባ ተሳፋሪ ወንበሩን ይይዝበታል። አዴኖሲኑ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ተራው ላይ ቆሟል፣ ሰልፉም እየረዘመ ነው። ካፌይኑ ሲወርድ ሁሉም ተጋፍቶ ይገባል። ከሰዓታት በኋላ የሚመጣው ያ ድንገተኛ መዛል ይህ ነው።

ጣሳው ላይ የሚጻፈው ሌላው ንጥረ ነገር፣ ታውሪንስ? ስሙ ከበሬ የመጣ ስለሆነ ብዙ ወሬ ተወርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1827 መጀመሪያ የተገኘው ከበሬ ሐሞት ነበር፤ ዛሬ ጣሳ ውስጥ የሚገባው ግን በፋብሪካ የሚመረት ነው። ስለዚህ በጾም ወቅት «ከበሬ የተሠራ ነው» እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች በከንቱ ይደክማሉ። የራሳችን ሰውነትም ታውሪን ይሠራል። የቢ ቫይታሚኖቹ ደግሞ እጥረት ለሌለበት ሰው የተለየ ብርታት አይጨምሩም፤ ትርፉ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል።

የጣሳውን ጀርባ በግማሽ ማንበብ

የአንዱን ጣሳ ጀርባ በስልኬ መብራት አንብቤዋለሁ፤ ፊደሉ ከጉንዳን ያንሳል። «ካፌይን 32 ሚሊ ግራም» ይላል። ትንሽ ነው ብለው ሊያስቀምጡት ሲሉ «በ100 ሚሊ ሊትር» የምትል ሐረግ ከጎኑ ተሸጉጣ ያገኛሉ። ትንሹ ጣሳ 250 ሚሊ ሊትር ከሆነ 80 ሚሊ ግራም ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዘው ረጅሙ 160 ይደርሳል። ስኳሩም እንዲሁ ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም የሚል ጣሳ በግማሽ ሊትሩ 55 ግራም ያጠጣዎታል፤ ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ለቀኑ በሙሉ ካስቀመጠው 50 ግራም ገደማ ጣሪያ ያልፋል። ስኳር አልባውን መምረጥ ይህን ብቻ ይፈታል። ካፌይኑ ያው ነው፤ ጥርስን የሚበላው አሲድም አልቀነሰም።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ቢወስድ ስጋት የለውም። ነፍሰ ጡር በቀን ከ200 አትለፍ። እዚህ ላይ ቡናችንን መቁጠር እንረሳለን። ጠዋት ሁለት ሲኒ፣ ከምሳ በኋላ አንድ ማኪያቶ፣ በላዩ ረጅሙ ጣሳ፤ ደምሩት። «ቡናም ካፌይን ነው፣ ታዲያ ምን ለየው?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጠጣጡ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ጨዋታው ከሰዓት ያልፋል፤ ጀበናው ውኃ በተጨመረበት ቁጥርም ቡናው ይቀጥናል። ቀዝቃዛ ጣሳ ግን በአንድ ደቂቃ ይገለበጣል።

ለልጅ እንደ ለስላሳ መግዛት

ለልጆችና ለወጣቶች ያው የአውሮፓ ተቋም የሚጠቅሰው ልክ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጣሪያው 120 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ አንድ ረጅም ጣሳ ያልፈዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 እነዚህ መጠጦች በልጆችና በታዳጊዎች ምግብ ውስጥ ቦታ የላቸውም ብሏል። ሊትዌኒያ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ላትቪያ በ2016፣ ፖላንድ በ2024 ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ከልክለዋል።

ሰዓቱን አለማስላት

ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ረጅሙን ጣሳ ቢጠጣ ከምሽቱ 3 ሰዓት 80፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 40 ሚሊ ግራም ያህል አሁንም በደሙ ውስጥ አለ። ተኝቷል፤ እንቅልፉ ግን ስስ ነው። ያነበበው የሚረጋው ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት አስቀድሞ ቢወሰድ እንኳ ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ደግሞ ካፌይኑ ከሰውነቷ እስኪወጣ እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ «ጓደኛዬ ጠጥታ ተኛች» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

ከጫት እና ከአልኮል ጋር መደራረብ

እኔን የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ካፌይንም ወደዚያው አቅጣጫ ይገፋል። ቀኑን ሲቅም የዋለ ሰው በላዩ ጣሳ ሲጨምር ልቡን ሁለት ሰው እየጋለባት ነው። ለብቻውም ቢሆን መጠጡ ምልክት ይተዋል፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ሙከራ 34 ጤናማ ወጣቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ሲጠጡ የደም ግፊታቸው ጨመረ፣ ልባቸው ከአንዱ ምት በኋላ ለቀጣዩ ለመሰናዳት የምትወስደው የኤሌክትሪክ ጊዜም ረዘመ። ይህ ጊዜ ከልክ ሲያልፍ አደገኛ የምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል። ሙከራው ላይ የነበሩት ጤነኞች ናቸው፣ ጫትም አልቃሙም።

ከምርቃና በኋላ ደግሞ ጨብሲ ይመጣል። አልኮሉን ከኃይል ሰጪ መጠጥ ጋር የሚቀላቅል ሰው ስካሩ ያነሰ ሊመስለው ይችላል፤ በደሙ ያለው አልኮል ግን አንዲት ጠብታ አልቀነሰም። «ደህና ነኝ» ብሎ መሪ የሚጨብጠው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ካፌይን የተጨመረበት አልኮል ለሚያመርቱ ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ የሰጠውም በዚሁ ስጋት ነው። ከጠጡ በኋላ ልብ ያለ ልክ ከመታ፣ ደረት ከወጋ ወይም ራስ ከሳተ ውኃ ጠጥቶ መጠበቅ አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ለሩጫ ውኃ ማስመሰል

ካፌይን ብርታት እንደሚጨምር ስፖርተኞች ያውቃሉ፤ እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስም ከተወሰነ መጠን በላይ በውድድር የተከለከለ ነበር። ግን ጋዙና ከ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም የሚሆነው ስኳር ለሚሮጥ ሆድ ይከብዳሉ። ላብ የሚተካው ውኃና ጨው ነው።

በአንድ ቀን ማቆም

በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲተው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምረዋል። ቡና ለቀረበት ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሳምንት ውስጥ መጠኑን እየቀነሱ መተው ይሻላል።

እንቅልፍን በጣሳ መተካት

ካፌይን ጠጥቶ ወዲያው ለ15 ደቂቃ ያህል ማሸለብ ለደከመ ሹፌር ካፌይን ብቻ ከመጠጣት ይልቅ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1997 እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ካፌይኑ ጉልበቱን የሚያሳየው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገደማ ስለሆነ ሽልብታው ባዶውን ጊዜ ይሞላል። ያን ሌሊት ይህን አላውቅም ነበር። ገዋኔን ስናልፍ መኪናው ወደ ቀኝ ጠርዝ ሸተት አለ፤ ጎማው ጠጠሩን ነክቶ ሲንኮሻኮሽ ሁለታችንም ብንን አልን። የአጎቴ ልጅ ምንም ሳይናገር ዳር ይዞ ቆመ፣ ያልተከፈተውን ጣሳ ወደ እኔ ገፋና ወንበሩን ወደ ኋላ ዘረጋ።