የባለቤቴን አያት ማኅደር እንዴት አገኘሁት?

የባለቤቴ አያት በአየርላንድ የነጻነት ጦርነት፣ በኮርክ ገጠር፣ በፈቃደኝነት ተዋግተዋል ሲባል ስንሰማ ኖረናል። በእጃችን የነበረው ግን አንድ ሜዳሊያ ብቻ ነው። በደብሊን የሚገኘው ወታደራዊ ቤተ መዛግብት በድረ ገጹ ባወጣቸው የጡረታ ማኅደሮች ውስጥ ስማቸውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ብፈልግ አጣሁት።

በመጨረሻ ስሙን ትቼ ከቦታው ጀመርኩ። በ1930ዎቹ ለጡረታ ማጣሪያ ሲባል የቀድሞ ታጋዮች የየብርጌዱን አባላት ስም መዝግበው ነበር፤ መዝገቡ ማን አባል እንደነበረ የሚያሳየው በሁለት ቀኖች ነው፦ ጁላይ 11 ቀን 1921፣ ማለትም ተኩስ በቆመበት ዕለት፣ እና ጁላይ 1 ቀን 1922። በብርጌዱ ሥር ያሉት ትንንሽ የጦር ክፍሎች፣ ማለትም ሻምበሎቹ፣ ብዙውን ጊዜ በየአጥቢያው የተደራጁ ስለነበሩ የትውልድ መንደራቸውን ሻምበል ከፍቼ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። አሉ! የተጻፉት ግን በአይሪሽ ቋንቋ ስማቸው ነው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው በእንግሊዝኛው ነበር።

በዚያ አጻጻፍ እንደገና ስፈልግ ማኅደሩ ወዲያው ተገኘ። ሜዳሊያው ላይ «ኮምራክ»፣ ማለትም «ውጊያ»፣ የሚለው፣ በውጊያ ለተሳተፉ ይሰጥ የነበረው ትንሽ የብረት ዘንግ ለምን እንደሌለ ያኔ ገባን፤ የእሳቸው ሥራ መልእክት ማድረስና ጠላት እንዳያልፍ መንገድ መቁረጥ ነበር። አማቴ የአባታቸውን ፊርማ በጣታቸው እየዳሰሱ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።