ከዋልካና ከአሸዋ መኪና ማውጣት፦ የመጎተቻ ገመድ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በክረምት የበቾን ወይም የፎገራን ሜዳ በመኪና ያቋረጠ ሰው ዋልካ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ገመድ በብዙ መኪና ውስጥ አለ፤ ችግሩ ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሥራ የተሠራ መሆኑ ነው። የተበላሸ መኪናን በአስፋልት ላይ ቀስ ብሎ መጎተት አንድ ሥራ ነው፤ የተቀበረውን መንጥቆ ማውጣት ሌላ። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኛዎቹ የሚመጡት ሁለቱን በአንድ ገመድ ለመወጣት ከመሞከር ነው።

ገመዱ ገና ሲወጠር ይበጠሳል

መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ ይመልከቱ። በየገበያው በሜትር የሚሸጠው ሰማያዊ ወይም ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ቀላል ነው፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ዕቃ ለማሰር ይበቃል፤ ፀሐይ ላይ ሲከርም ግን ደርቆ ይሰባበራል። ጠፍጣፋው የፖሊስተር ገመድ ከዚህ እጅግ ይጠነክራል። ሆኖም እምብዛም ስለማይለጠጥ፣ ጎታቹ መኪና ተንደርድሮ ሲመጣ ጉልበቱ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ገመዱና ማያያዣው ላይ ያርፋል። የብረት ካቦና ሰንሰለትም እንዲሁ ናቸው፤ ሲበጠሱ ደግሞ ተስፈንጥረው የሚያገኙትን ይመታሉ። ዳይኒማ የሚባለው ውድ ገመድ ለዊንች (መኪና ላይ ተገጥሞ ገመድ እየጠቀለለ ለሚስበው መሣሪያ) ግሩም ነው፤ ስለማይለጠጥ ለመንጠቅ አይሆንም።

ለመንጠቅ የሚሆነው ናይለን ነው። ጠፍጣፋው የናይለን ገመድ የርዝመቱን 20 በመቶ ያህል፣ ክቡና የተጎነጎነው እስከ 30 በመቶ ይለጠጣል። 9 ሜትር የነበረው ክብ ገመድ በኃይል ሲወጠር ወደ 12 ሜትር ይጠጋል ማለት ነው። የጎታቹን ጉልበት ቀስ በቀስ ተቀብሎ እንደ ላስቲክ መልሶ ስለሚሰጥ የተቀበረውን መኪና ሳያስደነግጥ ያወጣዋል።

ሲገዙ ጫፉ ላይ የተሰፋውን መለያ ያንብቡ። የተሠራበት ነገርና የመበጠሻ አቅሙ ካልተጻፈበት ሻጩ የቱንም ያህል ቢያመሰግነው ለዚህ ሥራ አይውሰዱት። አቅሙ ከሁለቱ መኪኖች የቀላሉን ሙሉ ክብደት፣ ከነጭነቱ፣ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን። ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ሰውና ዕቃ ሲሞላበት 3 ቶን ገደማ ስለሚደርስ፣ የ8 ቶን ገመድ ይስማማዋል። ለተጫነ የአይሱዙ የጭነት መኪና ግን ይህ ገመድ ምንም አይደለም፤ እዚያ መጀመሪያ ጭነቱን ማራገፍ ይቀድማል።

ገመዱ አይበጠስም፤ መኪናውም ንቅንቅ አይልም

አንዳንድ ጊዜ ገመዱ ከልክ በላይ ወፍራም ነው። ለከባድ መኪና የተሠራ የናይለን ገመድ በትንሽ ሱዙኪ ሲጎተት ሳይለጠጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ከካቦ አይለይም። ስለዚህ «የወፈረ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የገመዱ አይደለም፤ መሬቱ ነው። ጎማው እስከ ቸርኬው ከተቀበረ፣ መኪናውን ለማንቀሳቀስ በግምት የራሱን ክብደት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ሻንሲው መሬት ላይ ከተኛ ወደ ሁለት፣ ሲብስም ወደ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። 3 ቶን የነበረው 9 ቶን ሆኖ ሊጠብቅዎት ይችላል፤ የ8 ቶን ገመድ ይህን አይችልም።

መፍትሄው አካፋ ነው። በጎማዎቹ ፊት፣ በተለይም መኪናው ሊወጣ በታሰበበት አቅጣጫ፣ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ የሚወጣ መንገድ ይቆፍሩ። ከዲፈረንሻሉ ሥር ያለውን ጭቃ ያውጡ። ዋልካ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጣብቆ ጎማውን ስለሚቆልፈው፣ በእጅም በእንጨትም ተፍቆ መውጣት አለበት። እርጥቡ ዋልካ የመኪናውን ሆድ መጦ ስለሚይዝ ከሥሩ አየር የሚገባበት ክፍተት መፈልፈል ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በአፋር አሸዋ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጎማውን ማስተንፈስ ነው፤ ከ35 ወደ 18 ፒ.ኤስ.አይ ሲወርድ ብዙ መኪና ያለ ገመድም ይወጣል። ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊት መልሶ መንፋት ግድ ነው።

ከዚያ ጎታቹ ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም። ከ1 እስከ 2 ሜትር ያህል ገመድ ላላ ብሎ ይተኛ። ጎታቹ በከባድ ማርሽ፣ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ ይንቀሳቀስ፤ የተቀበረውም መኪና ሹፌር በዝግታ ነዳጅ ሰጥቶ ያግዝ። መኪናው በገባበት ዱካ ወደ ኋላ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይቀላል። ሁለቴ ተሞክሮ ካልወጣ መልሶ መቆፈር እንጂ ፍጥነት መጨመር አይገባም።

ገመዱ ደህና ነው፤ ማያያዣው ግን ተነቀለ

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሰው ስለ ገመዱ ተጨንቆ ገዝቶ፣ ጫፉን ተሳቢ በሚታሰርበት የብረት ኳስ ላይ ያጠልቀዋል። ያ ኳስ የተሠራው ተሳቢን በእርጋታ ለመሳብ ነው፤ በንጥቂያ ሲሰበር የተወጠረው ገመድ እንደ ጥይት ይወረውረዋል። በአውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ሰዎች ሞተዋል። ባምፐር፣ የባሌስትራ ማያያዣ፣ መኪናው በመርከብ ሲጫን የሚታሰርበት ቀጭን ቀለበትም ለዚህ አልተሠሩም።

ገመዱ መያያዝ ያለበት በጠንካራ ብሎን ሻንሲው ላይ ከታሰረና ለዚሁ ከተሠራ መንጠቆ ጋር ነው። ሻክል (በፒን የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ካስፈለገ 4.75 ቶን የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ይሁን። ቁጥሩ ከገመዱ ያነሰ መስሎ አያሳስት፤ በሻክል ላይ የሚጻፈው በሥራ ላይ የሚፈቀደው ጭነት ሲሆን በገመድ ላይ የሚጻፈው መበጠሻው ነው። ፒኑን እስከ መጨረሻው አጥብቀው ሩብ ዙር ያህል ይመልሱት፤ አለዚያ ከጉተታው በኋላ አልፈታ ይላል።

መኪና ሲቀበር የአካባቢው ሰው ለመርዳት ይሰበሰባል፤ ልጆችም ለማየት ይመጣሉ። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ሁሉም የገመዱን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይራቅ። በሁለቱ መኪኖች መካከል ማንም አይቁም፣ ገመዱንም ማንም አይሻገር። የሚገፋ ሰውና የሚነጥቅ ገመድ በአንድ ጊዜ አይኑሩ። ገመዱ መሐል ላይ ብርድ ልብስ ወይም የረጠበ ከባድ ጃኬት ይደረብበት፤ ቢበጠስ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል።

ገመዱ አጠረ፤ ሲቋጠርም አይፈታም

ቋጠሮ የገመዱን ጥንካሬ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ ከተወጠረም በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ሁለት ገመድ ማገናኘት ካስፈለገ የአንዱን ጆሮ (ጫፉ ላይ ያለውን ቀለበት) በሌላው ጆሮ ውስጥ አሳልፈው፣ በመገጣጠሚያው መካከል የተጠቀለለ ጋዜጣ ያስገቡ፤ በኋላ በቀላሉ ይላቀቃል። በሻክል ግን አያገናኟቸው፤ አንዱ ቢበጠስ ብረቱ ይወረወራል።

ገመዱ ሞቋል፣ ደርቋል፣ ጠርዙ ተበልቷል

ናይለን ሲለጠጥ ይሞቃል። በተከታታይ ከተጎተተበት አሳርፈው ወደ ርዝመቱ እስኪመለስ ይጠብቁ። ሲረጥብ ከጥንካሬው 10 በመቶ ገደማ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ስለሚያጣ፣ በክረምት የሚገዙትን በዚያ ልክ ከፍ ያድርጉት። ውስጡ የገባው ጭቃ ሲደርቅ አሸዋው ክሮቹን ይቆርጣል፤ በንጹሕ ውኃ አጥበው በጥላ ያድርቁት። ጠርዙ የተቀደደ፣ ስፌቱ የላላ ወይም በነዳጅ ዘይት የራሰ ገመድ ለጉተታ አያገለግልም። ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጎትትበት ከመጣልዎ በፊት ቆራርጡት።