ቤንች ፕሬስን ከፈጣኑ ሰርኪዩት ጋር ያስማማሁበት መንገድ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ጂማችን ሥልጠናው ፈጣን ሰርኪዩት ነው፤ እንቅስቃሴዎችን በተከታታይ እየቀያየሩ መሥራት፦ ቡርፒ (መሬት ላይ ወርዶ ተነሥቶ መዝለል)፣ ፑሽ አፕ፣ ሩጫ፣ ሁሉም በሰዓት። ቤንች ፕሬስ፣ ማለትም አግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት፣ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ክንዴ ዝሎ ብረቱ ደረቴ ላይ ይቀር ነበር። ግራ ትከሻዬም ማታ ማታ ይጠዘጥዘኝ ጀመር።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ሆነ። ሰውነቴን እንዳሟሟቅሁ ቤንች እሠራለሁ፦ 5 ዙር፣ በየዙሩ 5 ጊዜ፣ መሃል ላይ 3 ደቂቃ ሙሉ እረፍት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም፤ እረፍቱን መሸራረፍ አያዋጣም። በሰርኪዩቱ ውስጥ ደግሞ፣ ፑሽ አፕ እንደ ቤንች መግፋት ስለሆነ፣ በፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ተካሁት።

ለትከሻዬ የደረሰለት ግን አተኛኘቴ ነው። ብረቱን ከማንሳቴ በፊት ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብስቤ አግዳሚው ላይ እጫናቸዋለሁ፤ እግሬን መሬት ላይ እተክላለሁ፤ ክርኔን ወደ ጎን አልበትነውም። ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

ክሮስፊት በሚባለው የተቀላቀለ ፈጣን ሥልጠና «ሊንዳ» የሚባለው ዓይነት፣ የድግግሞሹ ቁጥር በየዙሩ ከ10 ወደ 1 እየቀነሰ ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት አንሥቶ መቆም)፣ ቤንችና ክሊን (ብረትን ከመሬት እስከ ትከሻ ማንሳት) የሚያፈራርቅ ሥራ ሲመጣ ክብደት እቀንሳለሁ። አጠገቤ ሰው ካለም «ወንድሜ፣ ራስጌዬ ቁምልኝ» ሳልል አልተኛም። ብቻዬን ከሆንኩ ክብደቱ እንዳይንሸራተት የሚይዘውን የብረቱን ጫፍ መቆለፊያ አላስርም፤ ብረቱ ደረቴ ላይ ከቀረ ክብደቱን ወደ ጎን አንሸራትቼ እወጣለሁ።