የጓሮ ዶሮ፦ ለእሷ የሚተወውና ለእኛ የሚቀረው ሥራ

ቢሾፍቱ የዶሮ አገር ነው። ከጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ ዶሮ በአዳራሽ ዘግተው በመኖ ያረባሉ፤ ሌሎቹ ጠዋት ለቅቀው ማታ የተረፈውን ይቆጥራሉ። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። መጫሩን፣ መታቀፉንና ጫጩት ማሳደጉን ለዶሮዋ እተውላታለሁ፤ ከእኔ በተሻለ ታውቅበታለች። ማደሪያ፣ ንጹህ ውኃና ክትባት ግን የእኔ ድርሻ ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ትቶ «በተፈጥሮ መንገድ ነው የማረባው» የሚል ሰው ዶሮ እያረባ ሳይሆን ሸለምጥማጥ እየቀለበ ነው።

ለእንዲህ ያለ አያያዝ የሐበሻ ዶሮ ትመረጣለች። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው፤ እንደ ቦቫንስ ያሉት የፈረንጅ ዶሮዎች 300 ይጠጋሉ። ነገር ግን የፈረንጅ ዶሮ ያን የምትጥለው የተመጣጠነ መኖ ሳይጓደልባት ነው፤ መታቀፍም እምብዛም አታውቅም። ጫጩት በየጊዜው መግዛት የማይፈልግ ሰው የምትታቀፍ ዶሮ ያስፈልገዋል።

ማደሪያውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ሥሩት። ቆጡ ለእያንዳንዷ ዶሮ አንድ ስንዝር ያህል ስፋት ይኑረው፤ እንጨቱ ቀጭን አይሁን፣ ጥፍሯን ከላዩ አሳርፋ የምትተኛበት ይሁን። አየር ማስገቢያው ከቆጡ በላይ ይሁን እንጂ ነፋሱ በቀጥታ ዶሮዎቹ ላይ አይምጣ። ሽቦው ዓይነ ጠባብ መሆን አለበት፤ ሸለምጥማጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው ገላዋ አይቸግራትም። ወለሉ ላይ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ። የረጠበውን በዚያው ቀን አንሱ፤ ጫጩቶችን ደም የሚያስቀምጣቸው በሽታ የሚራባው በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ነው። ጥግ ላይ ደረቅ አፈርና አመድ የሞላ ጎድጓዳ ቦታ ካዘጋጃችሁላቸው ቅማሉንና ቁንጫውን ራሳቸው እየተንከባለሉ ያራግፉታል። የቆጡን ስንጥቅ ግን በየጊዜው በፈላ ውኃ ማጠብ የእናንተ ሥራ ነው፤ ቀን ተደብቀው ሌሊት ወጥተው ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ተባዮች አሉ።

ምግቡ ብዙ አያስጨንቅም። የእህል ግርድ፣ ፉርሽካ፣ የጎመን ቅጠል፣ ከተገኘም ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ይበቃቸዋል፤ የቀረውን ጭረው ያገኙታል። ምስጥ ካገኛችሁ ለጫጩቶቹ አስቀድሙ። የእንቁላል ቅርፊት ከምድጃው ዳር አድርቃችሁ አድቅቁና መልሱላቸው፤ ቅርፊቱን ሳይደቅ መጣል ግን የራሷን እንቁላል መብላት ያስለምዳታል። የሻገተ እንጀራ ለማንም አትስጡ። የወጥ ትራፊን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራው በርበሬውን ነው፤ ወፎች ግን የበርበሬ ማቃጠል አይሰማቸውም። የሚጎዳቸው ጨው ነው።

ማስታቀፍ ላይ ወቅቱ ከምንም ይበልጣል። እኔ የምመርጠው ዐቢይ ጾምን ነው። እንቁላል ቤት ውስጥ አይበላም፣ ገበያውም ይቀዘቅዛል፤ በየካቲት መጨረሻ የታቀፈች ዶሮ በመጋቢት ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ክረምቱ ሳይገባ ላባ ያወጣሉ፣ አውራዎቹም ለእንቁጣጣሽ ይደርሳሉ። የሐምሌ ጫጩት ግን ብርድና ጭቃ ይጨርሰዋል።

ለመታቀፍ የከጀለች ዶሮ ትኮፈሳለች፣ ከጎጆዋ ስትነሳም ድምፅዋ ይለወጣል። ከ10 እስከ 13 እንቁላል ይበቃታል። እንቁላሉ ከአንድ ሳምንት ያልበለጠ፣ ያልታጠበና ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ እስከዚያው ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ዶሮዋን መጀመሪያ ክንፏ ሥር አመድ ነስንሱባትና ሲመሽ አስታቅፏት፤ በጨለማ የታቀፈች ቶሎ ትረጋጋለች። በ7ኛው ቀን ማታ እያንዳንዱን እንቁላል በስልክ መብራት እዩት። ከውስጥ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ከታዩ ሕይወት አለው፤ ጥርት ብሎ የሚያበራውን አውጡ። በ21ኛው ቀን መፈልፈል ይጀምራሉ። የተፈለፈለ ጫጩት የመጀመሪያውን ቀን ሆዱ ውስጥ በቀረው አስኳል ስለሚያሳልፍ ለማብላት አትጣደፉ። ውኃውን በዝርግ ሳህን፣ ጠጠር ጨምራችሁበት አቅርቡ፤ አለዚያ ይሰምጣሉ። ጭልፊት እስኪረሳቸው ድረስም ከእናታቸው ጋር በሽቦ ከልሉ ውስጥ ይቆዩ።

ያለጊዜዋ ለመታቀፍ የተቀመጠችን ዶሮ ቁልቁል መስቀል፣ ክንፏን ማሰር፣ አፍንጫዋ ላይ ላባ መሰካት የቆየ ልማድ ነው። እኔ አልወደውም፤ አያስፈልግምም። ወለሉ ሽቦ በሆነ፣ ከሥር አየር በሚያገኝ ሣጥን ውስጥ ከምግብና ከውኃ ጋር ለሦስት ወይም ለአራት ቀን አስቀምጧት። ሆዷ ሲቀዘቅዝ ትተወዋለች።

አሁን ዶሮን ወደሚፈጀው በሽታ፣ ወደ ፈንግል። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ሎሚ የሚያዝዙ አሉ፤ ፈንግልን ግን አንዱም አያድንም። አንገቷ የተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጣት፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ዶሮ ካያችሁ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው፤ እሱም የሚመረተው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ሙቀት የሚቋቋመው ዓይነት ለአንድ ዶሮ አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ ይደረግና በየአራት ወሩ ይደገማል። በሚጠጣ ውኃ የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ የቧንቧ ውኃ አትጠቀሙ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ይሁን። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ለጥቂት ዶሮ ብሎ መክፈት ያስቆጫል፤ እኛ የአንድ መንደር ሰዎች ቀን ቆርጠን ገንዘብ አዋጥተን እናስከትባለን። የጎረቤቴ ዶሮ ካልተከተበች የእኔም መከተብ የሚያስተማምን አይደለም።

በሽታው ግቢ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በበዓል ነው። ከገበያ የመጣውን ዶሮ እስኪታረድ ከቤት ዶሮዎች ጋር ማሰር፣ ከታረደ በኋላም ላባውንና አንጀቱን ጓሮ መጣል በየቤቱ የተለመደ ነው። ለእርድ የመጣውን ለብቻው እሰሩት፣ ተረፈ እርዱን ቅበሩት። ለማርባት የተገዛችው ደግሞ ሁለት ሳምንት ተለይታ ትቆይ።

የሚወጣውን ኩስ አትጣሉት፣ ትኩሱንም ጎመን ላይ አትነስንሱት፤ ሥሩን ያቃጥለዋል። ከጭዱ ጋር ከምራችሁ፣ እያረጠባችሁና እያገላበጣችሁ ጥቂት ወራት አብላሉት፤ ጥቁርና ሽታ የሌለው ሲሆን ደርሷል። የጎመን መደቡ ግን አስቀድሞ ይታጠር፤ ለምለም ጎመን ላገኙ ዶሮዎች አንድ ከሰዓት ይበቃቸዋል።