ሙሉ ስቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የመኪና የኋላ መብራት እንዴት እንደሚፈተሽና እንደሚቀየር

የኋላ መብራት መጥፎነቱ ሾፌሩ አያየውም። የፊቱ አንዱ ቢጠፋ ማታ መንገዱ ስለሚጨልምባችሁ ወዲያው ታውቃላችሁ፣ የኋላው ግን ከጠፋ ሳምንት ሆኖት እናንተ ምንም ሳይመስላችሁ ትነዳላችሁ፣ የሚያውቀው ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ነው። ክረምት ላይ ጣርማ በር ተራራ ላይ ጉም ውስጥ የነዳ ሰው ይሄን በደንብ ይረዳኛል፣ እዛ የምትከተሉት ነገር የፊተኛው መኪና ቀይ መብራት ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቼክ ማድረግ ልመዱ። ሰው አያስፈልግም፣ ማታ የመኪናውን ኋላ ወደ ግድግዳ ወይ አጥር አስጠግታችሁ መብራት አብሩና በስፖኪዮ የቀዩን ነጸብራቅ ግራና ቀኝ አስተያዩ፣ ከዛ ፍሬን ርገጡ (አብዛኛው መኪና ላይ የፍሬን መብራት ቁልፍ ሳይከፈትም ይሰራል)፣ ፍሬቻ ግራ ቀኝ፣ ከዛ የኋላ ማርሽ። የታርጋ መብራቷንም አትርሱ፣ እሷን ማንም አያያትም ግን ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ትፈለጋለች።

አሁን ዋናው ነገር። መብራት አልሰራም ማለት ስቶፑ (ክዳኑና ሶኬቶቹ አንድ ላይ ያሉበት ሙሉው የኋላ መብራት) ሞቷል ማለት አይደለም። የኔ ኮሮላ 110 ላይ ፍሬን ስረግጥ በአንድ በኩል ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ይበራ ነበር፣ አንድ ኤሌትሪሺያን አይቶ ስቶፑ ውስጡ ተቃጥሏል ሙሉውን ቀይር አለኝ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ገዝቼ መጥቼ ገጠምኩት፣ ያው ነው ምንም ለውጥ የለም። በኋላ ሌላ ሰው ፖርቶ ባጋሎ ውስጥ ምንጣፉን ገልጦ ማሳውን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ገመድ) አሳየኝ፣ ገመዱ ላሜራው ላይ የታሰረበት ቡሎን በውሃ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ፈቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ አጠበቀው፣ አለቀ። ማሳ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ስለሚያጣ በሌላኛው አምፖል በኩል ዞሮ ይመለሳል፣ ለዛ ነው አንዱን ስታበሩ ሌላው አብሮ የሚያብደው። ይሄን ምልክት ካያችሁ ስቶፕ እንዳትገዙ በጣም ነው የምለምናችሁ።

ሌሎቹ ምልክቶችም እንደዚሁ ይናገራሉ። አንድ ጎን ብቻ ከጠፋ ብዙ ጊዜ አምፖሉ ወይ ሶኬቱ ነው። ሁለቱም የፍሬን መብራት አንዴ ከጠፋና ከላይ መስታወቱ ጋ ያለችው ሶስተኛዋም ከሌለች ፊውዙን እዩ፣ ፊውዙ ደህና ከሆነ ፍሬን ፔዳሉ ላይ ያለችውን ስዊች። ሶስተኛዋ እየሰራች ሁለቱ ከጠፉ ግን ፊውዝና ስዊች ጋ ጊዜ አታባክኑ፣ ችግሩ ኋላ ነው። የፍሬን መብራቱ መኪናው ቆሞ ፍሬን ሳትረግጡም አልጠፋ ካለ ደግሞ (ባትሪያችሁን ጠዋት ሙቶ የምታገኙት በዚህ ነው) ብዙ ጊዜ ፔዳሉ ላይ ስዊቿን የምትጫን ትንሽ ጎማ ወይ ፕላስቲክ አለች፣ አሮጌ ቶዮታ ላይ እሷ ተፈርፍራ ትወድቃለች፣ ጎንበስ ብላችሁ እግር ምንጣፉ ላይ ፍርፋሪ ፈልጉ።

ፊውዝ ከተቃጠለ በዛው ቁጥር ተኩ፣ ቀይ 10 አምፔር ነው ሰማያዊ 15። በሽቦ ወይ በሲጋራ ወረቀት መጠቅለል የሚባለውን ነገር እርሱት፣ ገመድ ያቃጥላል መኪናም ያቃጥላል። አዲሱም ቶሎ ከሄደ የሆነ ቦታ ገመድ ተልጦ ላሜራ እየነካ ነው።

ወደ አምፖሉ እንምጣ። መብራት አጥፉ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ። ሴዳን ከሆነ ፖርቶ ባጋሎ ከፍታችሁ የጎኑን ክዳን ስታነሱ ሶኬቶቹ ይታያሉ፣ ወደ ግራ አዙራችሁ ትስቡታላችሁ። ቪትዝና ሌላ ሃችባክ ላይ በብዛት የኋላ በሩን ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ ሁለት ቡሎን አለ፣ በ10 ቁልፍ ወይ በካቻቢቴ ፈታችሁ ስቶፑን ቀጥታ ወደ ኋላ ትስባላችሁ። ወደ ጎን አትፈልቅቁት! በውጪ በኩል ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ከተሰበሩ ስቶፑ ከዛ በኋላ ሁሌ ይንቀጠቀጣል።

አምፖሉ ክብ ብረት እግር ካለው ገፋ አድርጋችሁ ወደ ግራ ማዞር ነው፣ ዝርግ ብርጭቆ እግር ካለው ዝም ብሎ ይሳባል። መብራቱና ፍሬኑ አንድ አምፖል ላይ ከሆኑ ባለ ሁለት ክሩ 21/5 ዋት ነው፣ ትንሿ ክር ለመብራት ትልቋ ለፍሬን። ባለ አንድ ክሩ 21 ዋት ለፍሬቻና ለኋላ ማርሽ ነው። ባለ ሁለት ክሩ ክብ እግር ላይ ጎኑ ላይ ያሉት ሁለቱ ጡቶች (ትንንሽ ጉብታዎች) ከፍታቸው እኩል አይደለም፣ አልገባም ካለ ገልብጣችሁ ሞክሩ እንጂ በጉልበት አትግፉት። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ እና 12 ቮልት የሚለውን አንብቡ። አይሱዙና ሲኖትራክ 24 ቮልት ስለሆኑ የነሱ አምፖል ከቤት መኪና ጋር ተደባልቆ ይሸጣል፣ እሱን ብትገጥሙ ይበራል ግን ደብዝዞ፣ እናንተ ደግሞ ገመዱን ስትጠራጠሩ ትውላላችሁ። ከፍ ያለ ዋት ደግሞ ሶኬቱን ያቀልጠዋል።

ኤልኢዲ መግጠም የምትፈልጉ፣ ይቻላል፣ ግን ቀይ ክዳን ውስጥ ነጭ ሳይሆን ቀይ ኤልኢዲ ነው የሚደምቀው። ዝም ካለ አውጥታችሁ ገልብጡት፣ ብዙዎቹ ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ ይለያሉ። ፍሬቻ ላይ ከሆነ በጣም ቶሎ ቶሎ ይል ይሆናል፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። እኔ በበኩሌ ለአሮጌ መኪና መደበኛውን አምፖል ነው የምመርጠው።

ውሃ ሲገባ። ጠዋት ስስ ላቦት ታይቶ መብራቱ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ችግር የለውም። ታች ውሃ ከተጠራቀመ ግን ፍቱት፣ ሶኬቶቹን አውጥታችሁ ውሃውን አፍስሱና ፀሐይ ላይ አንድ ቀን አስጡት፣ ከዛ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ ስንጥቁን ፈልጉ። ስንጥቁን በግልጽ ሲሊከን መድፈን ይቻላል፣ ከኋላው ያለው የስፖንጅ ማሸጊያ ከደረቀ እሱን ተኩ፣ ውሃው ፖርቶ ባጋሎ ውስጥም የሚገባው በሱ በኩል ነው። ታች ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ ግን በሲሊከን እንዳትዘጉ፣ ከዘጋችኋት የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል።

ክዳኑ ከተሰበረ ወይ ሶኬቱ ከቀለጠ ያኔ ሙሉውን መቀየር ግድ ነው። ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ኮፒው ጠርዙ ላይ ክፍተት ይተዋል። የመኪናውን ዓመት በትክክል ተናገሩ፣ ያው ቪትዝ ተብሎ እንኳ የሞዴሉ ስቶፕ ይለያያል፣ የሶኬቱንም ቅርጽ አስተያዩ። ቡሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት ፍሬን አስረግጣችሁ እዩት፣ ከዛ ተራ በተራ አጥብቁ እንጂ አንዱን እስከ መጨረሻ አትጭኑት፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ግን አብዛኛው ይሄ አይሰራም፣ ኤልኢዲው ከስቶፑ ጋር አብሮ የታሸገ ነው፣ አምፖል የሚባል የሚነቀል ነገር የለም። እነሱ ላይ ፊውዝና ሶኬት አይታችሁ ካልተገኘ ወደሚያውቀው ሰው ውሰዱት። ለሌሎቻችሁ ክሩስኮት መሳቢያ ውስጥ አንድ ባለ ሁለት ክር፣ አንድ ባለ አንድ ክር፣ 10 እና 15 ፊውዝ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ማታ ከከተማ ውጪ የሚሸጥ አታገኙም።