የድሮ መድሃኒት ለአዲስ ቫይረስ ይሰራል ሲሏችሁ እንዴት እንደምታጣሩ

አዲስ ቫይረስ ሲመጣ መድሃኒት ከዜሮ ሰርቶ ለማድረስ አመታት ስለሚፈጅ መጀመሪያ የሚፈተሸው መደርደሪያ ላይ ያለው ነው፣ ዶዙም ሳይድ ኢፌክቱም ስለሚታወቅ። ደግሞ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፣ ኤዚቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሰራው ለካንሰር ተብሎ ነበር፣ ለካንሰሩ አልሆነም፣ በ1987 ግን ለኤችአይቪ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድሃኒት ሆኖ አረፈው።

እና "እንትን የሚባለው መድሃኒት ቫይረሱን ገደለው" ሲባል መጀመሪያ የት ነው የገደለው በሉ። ላብ ውስጥ ሳህን ላይ ከሆነ ገና ነው፣ በረኪናም ሳህን ላይ ይገድላል እኮ። የምን ሴል እንደሆነም እዩ፣ ክሎሮኪን የኮቪድን ቫይረስ ያቆመው ከጦጣ ኩላሊት በመጣ ሴል ላይ ነው፣ የሰው ሳንባ ሴል ላይ ሲሞክሩት አላቆመውም ምክንያቱም ቫይረሱ እዛ የሚገባው በሌላ መንገድ ነው።

ቀጥሎ መጠኑ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋር ነው። አይቨርሜክቲን የሚባለው የጥገኛ ትል መድሃኒት በ2020 ሳህን ላይ በ48 ሰዓት ቫይረሱን ወደ 5000 እጥፍ ቀነሰው ተባለ፣ እውነት ነው ቀንሷል፣ ግን የተጠቀሙት መጠን ሰው በተለመደው ዶዝ ወስዶት ደሙ ውስጥ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እዛ መጠን ላይ ልድረስ ብሎ ዶዝ የጨመረ ሰው የሚያገኘው መመረዝ ነው።

ሌላው በሽታው የቱ ጋ ሲደርስ ነው የሚሰጠው የሚለው ነው። ለኮቪድ የተሞከረው ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ መድሃኒት ቫይረሱን ንክች አያደርገውም፣ የሚያበርደው ሰውነት በራሱ ላይ የሚያስነሳውን እሳት ነው። እንግሊዝ በተሰራው ሪከቨሪ በሚባለው ትራያል (መድሃኒት በሰው ላይ የሚፈተንበት ጥናት) በቀን 6 ሚሊግራም ሲሰጥ ቬንቲሌተር ላይ ካሉት የሚሞተው ከ41.4 ወደ 29.3 ፐርሰንት ወረደ፣ ኦክስጅን ላልፈለጉት ግን ምንም አልጠቀመም እንዲያውም ሳይጎዳ አልቀረም። ያው አንድ መድሃኒት ነው!

"እኔ ወስጄ ድኛለሁ" የሚለውን በቃ እለፉት፣ አብዛኛው ሰው ምንም ሳይወስድም ይድናል። የሚታመነው ሰዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን መድሃኒቱን ሌላው የተለመደውን ህክምና ብቻ ሲያገኝና በ28 ቀን ስንት ሞተ ተብሎ ሲቆጠር ነው። የክሎሮኪን ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን በዚህ ሲለካ ሆስፒታል ከተኙ የኮቪድ ታማሚዎች መሃል ከወሰዱት 27 ካልወሰዱት 25 ፐርሰንት ሞቱ፣ ማለትም ምንም አላዳነም።

ውጤቱ ሳይወጣ ፋርማሲ አትሩጡ፣ በ2020 ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሰው ሲሻማበት ያጡት በየቀኑ የሚውጡት የሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ታማሚዎች ነበሩ።