"ይሄ አልሆነኝም፤ ሌላ ስጪኝ"፦ ግማሽ የቀረ ሎሽን ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ትንሽ የመዋቢያ ሱቅ አለኝ። ደንበኞቼ ገና ሳይቀመጡ ቦርሳቸውን ከፍተው ግማሽ የቀረ ጠርሙስ ያወጣሉ። "ይሄ አልሆነኝም፤ ሌላ ስጪኝ።" ነጋዴ ነኝ፣ ሌላ ብሸጥ አልጠላም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ምንም አልሆነም። ክዳን ግጠሙ፣ እጃችሁን ታጠቡ እያልኩ አላደክማችሁም። በቀጥታ ወደ ችግሩ።

"ተቀብቼ ሳልውል ቆዳዬ መልሶ ይነጣል"

በዓመት መቶ ጊዜ የምሰማው ይሄን ነው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውርጩና ደረቁ ነፋስ ሲበረታ።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከቆላ የመጣች አንደኛ ዓመት፣ ህዳር ላይ አራት ዕቃ በፌስታል ይዛ መጣች። ሎሽን፣ ግሊሰሪን፣ ሴረም የሚሉት ቀጭን የፊት ፈሳሽ፣ ስሙን ማንበብ ያቃተኝ ክሬም። አራቱም ከግማሽ በላይ አላቸው። "እትዬ፣ አንዱም አይሠራም" አለችኝ። እጇ አመድ የነካ ይመስላል። "መቼ ነው የምትቀቢው?" አልኳት። ጠዋት ትታጠባለች፣ ትለብሳለች፣ ክፍል ትገባለች። የምትቀባው ማታ አልጋ ላይ ሆና ነው። ያውም ግሊሰሪኑን እንዳለ፣ ውሃ ሳይነካው።

ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። ሎሽን በብዛት የሚሠራው ቆዳ ላይ ያለውን ውሃ ይዞ ለማቆየት ነው። ቆዳው ደርቆ ካደረ ምኑን ይያዝ? ግሊሰሪን ደግሞ ውሃ ይስባል። አየሩ እርጥበት ካለው ከአየር ይስባል። እኛ ጋ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጋ ሲሆን አየሩ ራሱ ደረቅ ነው። ስለዚህ ከራሳችሁ ቆዳ ይስባል። ሲቀቡት ያበራል፣ ከሰዓት ይነጣል። ከዚያ አምስተኛ ዕቃ ይገዛል።

መፍትሄው ሳንቲም አያስወጣም። በለብ ያለ ውሃ ታጠቡ። የሚያቃጥል ውሃ የቆዳን ወዝ ያጥባል፤ ብርድ ነው ብላችሁ አታፍሉት። በፎጣ አትሹ፣ ጠብ ጠብ አድርጉት። ቆዳው ገና ርጥብ ሳለ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተቀቡ። ግሊሰሪን ከሆነ ሁለት ሦስት ጠብታ መዳፋችሁ ላይ ከውሃ ጋር ቀላቅሉ። በላዩ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በሁለት መዳፍ አሙቁና ደምድሙበት። የባቄላ ፍሬ አልኩ እንጂ ጉርሻ አላልኩም። ማታ የምትቀቡ ከሆነም መጀመሪያ እጅና ፊታችሁን አርጥቡ።

ልጅቷ በሁለት ሳምንቷ ተመልሳ መጣች። የያዘችው ሎሽኑንና ግሊሰሪኑን ብቻ ነበር። ሴረሙን ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

ሌላዋ ደግሞ እናት ናቸው። በአንድ ወር ሦስተኛ ቫዝሊናቸውን ሊገዙ መጡ። "እማማ፣ ፊትዎን በምን ነው የሚታጠቡት?" አልኳቸው። በልብስ ሳሙና! "ያጠራላ!" አሉኝ። ያጠራል፣ ግን ወዙን ጭምር ይዞ ይሄዳል። ቆዳ በተፈጥሮው ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤች በሚሉት የአሲድነት መለኪያ 5 አካባቢ። ሳሙና ግን ተቃራኒው ነው፣ 9 እና 10 ይደርሳል። ሳሙናውን ካልተዉ ቫዝሊን በጆንያ ቢገዙም ዋጋ የለውም።

"ፓምፑ እምቢ አለ፣ አልቋል"

አላለቀም። በርዶት ነው። ጠዋት ጠዋት ሎሽን ይወፍርና ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። የፓምፑ ቀጭን ቱቦም ታች ድረስ አይደርስም። ለምን አጭር እንደሚያደርጉት እነሱ ያውቃሉ።

አንድ ቀን "አለቀ" ተብሎ ሊጣል የነበረ ባለ 400 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በምላጭ ከወገቡ ቆረጥኩ። በሻይ ማንኪያ ጠራረግኩ፦ 11 ማንኪያ። ለፊት ብቻ ቢሆን ሦስት ሳምንት ያስኬዳል።

ስለዚህ ማታ ፓምፑን ንቀሉ፣ ክዳን ግጠሙለትና ጠርሙሱን ኩባያ ውስጥ በአፍጢሙ ድፉት። ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቁሙት። ከዚያ በኋላ ነው መቁረጥ። የወጣውን ክዳን ባለው ንጹህና ደረቅ ብልቃጥ አድርጉ፤ ቶሎ ጨርሱት።

ውሃ ጨምራችሁ አትበጥብጡት! ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ነው የምለው። ሎሽን እንዳይበላሽ የተደረገው መድኃኒት የተለካው ለዚያው መጠን ነው። ውሃ ሲገባበት ይሳሳል፣ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባበታል። አንዷ በጥብጣ ያመጣችልኝ በአሥር ቀኑ የቆየ ጨርቅ ይሸት ነበር። ፊቷን እየተቀባችው ነበር።

"ገና ሰባት ዓመት አለው"

እንዲህ ያለችኝ ደንበኛ አለች። በእኛ አቆጣጠር ዘመኑ 2018 ነበር፣ ጠርሙሱ ላይ ደግሞ 2025 ይላል። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው እመቤት! ጊዜው አልፎበታል። ሌላም ምልክት አለ፦ ክዳኑ የተከፈተች ትንሽ ብልቃጥ፣ በውስጧ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር። ከተከፈተ በኋላ ያለውን ዕድሜ በወር ያሳያል። የከፈታችሁበትን ቀን ታቹ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። አንድ ዓይነት ሁለት አትክፈቱ።

"ሰንስክሪን እየቆጠብኩ ፊቴ ጠቆረ"

ሰንስክሪን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው፤ እዚህ ላይ መቆጠብ ነው ብክነቱ። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ላይ፣ በየጣቱ ሙሉ ርዝመት አንድ አንድ መስመር ያስፈልጋል። ስስ ከሆነ የተጻፈውን ያህል አይከላከልም። "ብርድ ነው፣ ምን ፀሐይ አለ" አትበሉኝ። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ጎጂው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጊዜው ያለፈበትን ሰንስክሪን ጣሉት።

"ፊቴ ቀላ፣ ተላጠ"

ሦስት አዲስ ዕቃ ባንድ ሳምንት ጀምራችኋል፤ የቱ እንደጎዳችሁ አይታወቅም። አንድ ጀምሩ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ስምና ይዘት ያልተጻፈበት "የሚያቀላ" ቅባት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውስጡ መርዛማው ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ብር ወጥቶበታል ብላችሁ አትጨርሱት። ለእህታችሁም አትስጡ። ለብዙ ጊዜ ከተቀባችሁት ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እንዲህ ያለውን በማንኪያ እየቀነሱ በብልቃጥ የሚሸጡ ሰዎችን ባገኝ የምለው ነበረኝ።

ሎሚ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ መውጣት ያቃጥላል።

ትናንሾቹ

ጥጥ ቶሎ ያልቃል? ያረጀ ነጠላ በትናንሹ ቁረጡ፣ እያጠባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ።

ቫዝሊኑ ቆላ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ቀለጠ? አልተበላሸም። የጣርማበርን ዳገት ወጥታችሁ ወደ ደጋው ስትመለሱ ይረጋል።

የኮኮናት ዘይት ነጭ ሆኖ ረጋ? ከ24 ዲግሪ በታች ጠባዩ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል እንደዚያው ነው። አንዷ ሙሉ ብልቃጥ "ተጭበርበርኩ" ብላ መልሳልኛለች። ጋቢዬ ውስጥ ይዤው ቡናችንን እስክንጠጣ ዳር ዳሩ ቀለጠ። ወስዳ ሄደች።